የሥራ ሰዓት ቅነሳን ያልተቀበለ ሠራተኛና የሥራ አጥነት አበል፤ የአሜሪካ ሕግ አሠራር

በሳምንት 40 ሰዓት ይሠራ የነበረ ሠራተኛ በገበያ መቀዛቀዝ ምክንያት ከሥራ ይሰናበታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የቀድሞ አሠሪው ጠርቶት በሳምንት 16 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ሐሳብ ያቀርብለታል። ሠራተኛው ባይቀበል ሲከፈለው የቆየው የሥራ አጥነት አበል ይቋረጣል ወይስ ይቀጥላል? ጥያቄው በአሜሪካ በሆቴሎች፣ በአየር ማረፊያዎችና በመኪና ማቆሚያዎች ተቀጥረው የሚሠሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንንና ትውልደ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት ሲሆን፣ በአንድ ቃል የሚመለስም አይደለም።

የአሜሪካ የሥራ አጥነት መድን መሠረት የተጣለው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 1935 በፈረሙት የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ነው። ከዚያ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1932 የዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት የራሱን ሕግ አውጥቶ ነበር። የመድኑ ገንዘብ የሚሰበሰበው ከአሠሪዎች በሚከፈል ግብር ሲሆን፣ ከአላስካ፣ ከኒው ጀርሲና ከፔንሲልቫንያ በስተቀር ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ተቀናሽ አይደረግም። የፌዴራሉ መንግሥት የማይጣሱ ዝቅተኛ መመዘኛዎችን ይደነግጋል፤ የአበሉን መጠን፣ የክፍያውን ዘመንና የቅጣቱን ዓይነት የሚወስነው ግን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው። በመሆኑም በአንዱ ክፍለ ግዛት የሠራ ምክር በሌላው ላይሠራ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ በአብነት የተወሰደው የካሊፎርኒያ ሕግ ነው።

በቅድሚያ መለየት ያለባቸው ሦስት ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው ሠራተኛው ገና በሥራ ላይ እያለ ሰዓቱ ሲቀነስበት በራሱ ፈቃድ ሥራውን የለቀቀ እንደሆነ ነው። ይህ እንደ ፈቃደኛ መልቀቅ የሚታይ በመሆኑ ለመልቀቅ በቂ ምክንያት እንደነበረው ማሳየት ይጠበቅበታል፤ ካልቻለ በካሊፎርኒያ የሳምንታዊ አበሉን አምስት እጥፍ በሌላ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ክፍያ አያገኝም። ሁለተኛው ሰዓቱ ቢቀነስም በሥራው ላይ የቆየ ሠራተኛ ሲሆን፣ ይህ ከፊል ሥራ አጥ ተብሎ የአበሉን የተወሰነ ክፍል ሊያገኝ ይችላል። ሦስተኛውና የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ የሆነው ግን ግንኙነቱ በስንብት ከተቋረጠ በኋላ የቀረበለትን የአነስተኛ ሰዓት ሥራ ያልተቀበለ ሠራተኛ ነው። ይህኛው የሚዳኘው ሥራ በመልቀቅ ሳይሆን የቀረበን ሥራ ባለመቀበል ድንጋጌ ነው። ብዙ ማመልከቻዎች የሚበላሹትም ሠራተኛው ሦስተኛ ሆኖ ሳለ በቅጹ ላይ እንደ አንደኛው አድርጎ ሲጽፍ ነው።

የፌዴራሉ የሥራ አጥነት ግብር ሕግ በዚህ ረገድ ጠንካራ መከለያ አኑሯል። ማንኛውም ክፍለ ግዛት አንድ ሰው አዲስ ሥራ አልቀበልም በማለቱ አበል ሊከለክለው የማይችልባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር፣ ክፍት የሥራ ቦታው የተገኘው በሥራ ማቆም አድማ ወይም በሌላ የሥራ ክርክር ምክንያት ከሆነ፣ ሠራተኛው ከሠራተኛ ማኅበር እንዲወጣ የሚያስገድድ ቅድመ ሁኔታ ከተቀመጠ፣ እንዲሁም የሥራው ደመወዝ፣ ሰዓት ወይም ሌላ ሁኔታ በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ ከተለመደው በእጅጉ ያነሰ ከሆነ በማለት ደንግጓል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣውና በ1998 ባጸናው መመሪያ መሠረት የቀድሞ አሠሪ የሚያቀርበው የተለወጠ የሥራ ሁኔታም ቢሆን "አዲስ ሥራ" ተብሎ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ በብዛት የሚሳሳት ነጥብ አለ። ንጽጽሩ የሚደረገው ከሠራተኛው የቀድሞ ሰዓት ጋር ሳይሆን በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ ከተለመደው ጋር ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ይሠራ የነበረ የሆቴል ክፍል አጽጂ 30 ሰዓት ቢቀርብላትና በከተማዋ የሚገኙ ሆቴሎች ለዚሁ ሥራ የሚሰጡት በአብዛኛው 30 ሰዓት ቢሆን፣ በፌዴራሉ መከለያ ብቻ ልትከራከር አትችልም። የቀረበላት 12 ሰዓት ብቻ ከሆነና ሌሎቹ 40 ሰዓት የሚያሠሩ ከሆነ ግን መከለያው ይሠራል።

ከዚህ በተጨማሪ የካሊፎርኒያ ሕግ የቀረበው ሥራ ለሠራተኛው "ተስማሚ" መሆን አለመሆኑ እንዲመረመር ያዛል። ለጤናና ለደኅንነት ያለው አደጋ፣ የሠራተኛው ሥልጠና፣ ልምድና የቀድሞ ገቢ፣ ያለ ሥራ የቆየበት ጊዜ፣ በአካባቢው ሌላ ሥራ የማግኘት ተስፋና ከመኖሪያው ያለው ርቀት ሁሉ ይታያሉ። ያለ ሥራ የቆየበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ወደ ቀድሞ ገቢዬ ካልተመለስኩ የሚለው ክርክር እየሳሳ መሄዱ አይቀርም። ሥራው ተስማሚ ሆኖ ሳለ ያለ በቂ ምክንያት አልቀበልም ያለ ሰው ከ2 እስከ 10 ሳምንት አበሉ ይታገድበታል።

ውሳኔው ግን የሕግ ብቻ ሳይሆን የሒሳብም ነው። በካሊፎርኒያ ሳምንታዊ አበል ከ40 እስከ 450 ዶላር ሲሆን፣ በመደበኛው አሠራር ቢበዛ ለ26 ሳምንታት ይከፈላል። በሳምንት 800 ዶላር ያገኝ የነበረና 400 ዶላር አበል የተወሰነለት ሠራተኛ፣ በሰዓት 20 ዶላር ለ16 ሰዓት እንዲሠራ ቢጠራ 320 ዶላር ያገኛል። ሕጉ ከሚያገኘው ውስጥ 25 ዶላር ወይም 25 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ ከቁጥር ውጪ ያደርጋል። ስለዚህ 80 ዶላሩ ተትቶ 240 ዶላር ከአበሉ ይቀነስና 160 ዶላር ይከፈለዋል፤ በድምሩ 480 ዶላር ማለት ነው። ባይቀበልና ምክንያቱ በቂ ነው ቢባል እንኳ የሚያገኘው 400 ዶላር ነው። ምክንያቱ በቂ አይደለም ከተባለ ደግሞ ለሳምንታት ምንም አያገኝም። ለሕፃን ጥበቃና ለመጓጓዣ የሚወጣው ወጪ ከ80 ዶላሩ ልዩነት የሚበልጥ ከሆነ ሒሳቡ መለወጡ እርግጥ ነው።

ጉዳዩ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት ነው። በወቅቱ በወጣው የፌዴራል ሕግ እስከ ጁላይ 2020 መጨረሻ ድረስ በየሳምንቱ 600 ዶላር ተጨማሪ ይከፈል ነበር። ተጨማሪውን ለማግኘት ቢያንስ 1 ዶላር መደበኛ አበል ማግኘት በቂ ስለነበር፣ አነስተኛ ሰዓት ተቀብለው የገቡ ሠራተኞች ከፊል አበላቸው እስካልተቋረጠ ድረስ 600 ዶላሩንም ያገኙ ነበር። ይህን ሳያውቁ ጥሪውን ውድቅ ያደረጉ ሰዎች አበላቸውንም ተጨማሪውንም ለአደጋ አጋልጠዋል።

አመልካቹ በካሊፎርኒያ በየሁለት ሳምንቱ በሚሞላው ቅጽ ላይ የቀረበለትን ሥራ እንዳልተቀበለ ይጠየቃል። ሥራውን ያልተቀበለ ሰው በቅጹ ላይ እውነቱን መጻፍ ይኖርበታል፤ ሆን ብሎ የደበቀ ሰው የወሰደውን ከመመለሱ በተጨማሪ በፌዴራል ሕግ ከ15 በመቶ የማያንስ ቅጣት ይጠብቀዋል። የቀረበለት ሰዓት፣ ደመወዝና የሥራ ፈረቃ በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቁ በኋላ ለሚነሳ ክርክር ከማንኛውም ምስክር ይልቅ ይጠቅመዋል። ውሳኔው በፖስታ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ለአስተዳደር ሕግ ዳኛ፣ ከዚያም ለክፍለ ግዛቱ የይግባኝ ቦርድ አቤት ማለት ይቻላል።

ከስንብት በፊት ያለ ሌላ መንገድም አለ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1978 ከክፍለ ግዛቶች ቀዳሚ ሆኖ ባስጀመረው የሥራ መጋራት መርሐ ግብር አሠሪው ሠራተኛ ከማሰናበት ይልቅ የሁሉንም ሰዓት ከ10 እስከ 60 በመቶ ሲቀንስ፣ ሠራተኞቹ ከአበላቸው በዚያው መቶኛ ያገኛሉ። ሰዓቱ በ20 በመቶ የተቀነሰበትና 400 ዶላር አበል የሚገባው ሠራተኛ 80 ዶላር ይካካስለታል። ማመልከቻውን የሚያቀርበው ግን አሠሪው ነው።

በኢትዮጵያ ለግል ድርጅት ሠራተኞች የወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 የሥራ አጥነት አበልን አያካትትም። ከሥራ የተቀነሰ ሠራተኛ የሚያገኘው ጥበቃ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያና የስንብት ክፍያ ነው። ክፍያው ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ ሲሆን፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም፤ በቅነሳ ለተሰናበተ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልለታል። የሥራ ሰዓትን በተመለከተም የሥራ ውል የሚሻሻለው በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በተዋዋዮቹ የጽሑፍ ስምምነት ሲሆን፣ በአዋጁ መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት ሲቀነስ የሠራተኛው ደመወዝ አይቀነስም።