የወንፈል ፈቃድ

የሶዶ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ቡኢ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ በትርፍ ጊዜው የእንቁላል ማስፈልፈያ መቆጣጠሪያ ሠራ እንበል። አርዱዊኖ፣ የሙቀት ሴንሰርና ሪሌይ አገናኝቷል፤ ሙቀቱ ከ37.5 ዲግሪ ሲወርድ አምፖሉ ይበራል፣ ሲሞላ ይጠፋል። ንድፉን ቡታጅራና ወልቂጤ ላሉ የሙያ ጓደኞቹ በቴሌግራም ላከው። ሠርተው መሸጥ ይችላሉ? ቢያሻሽሉትስ፣ ማሻሻያው የማን ነው?

መልሱን የሚወስነው «ኦፕን ሃርድዌር ላይሰንስ» የሚባለው ሰነድ ነው። በአማርኛ «የክፍት ንድፍ ፈቃድ» ይባል እላለሁ፤ የሚፈቀደው ንድፉን መጠቀም ነውና። ዝም ብሎ መላክ መፍቀድ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት ያለ ምዝገባ ይገኛል፤ ስለዚህ ምንም ያልተጻፈበት ንድፍ ባለቤት አለው፣ ተቀባዩም ምን እንደተፈቀደለት አያውቅም።

የቅጂ መብት ግን የሚጠብቀው ሥዕሉን ነው፤ ሰርኪዩቱ የሚሠራውን ሥራ የሚመለከተው ፓተንት ነው፣ እሱም በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ይመራል። የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሰርን እ.ኤ.አ. በ2011 ለሃርድዌር ብቻ የሚሆን ፈቃድ ያወጣው ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው። በ2020 የወጣው ሁለተኛ እትሙ ፓተንትንም ይጨምራል፤ ሦስት ዓይነትም አለው።

አንደኛው ለቀቅ ያለ ነው፦ የባለቤትነት ማስታወሻው አይነካ እንጂ ያሻሻልከውን መግለጥ አትገደድም። ሁለቱ ግን በንድፉ የሠራኸውን ቦርድ ለሌላ ስትሰጥ ወይም ስትሸጥ ያሻሻልከውን ንድፍ አብረህ እንድትከፍት ያስገድዳሉ፤ ጠንካራው ምርቱን በሙሉ፣ ላላ ያለው የተወሰደውን ክፍል ብቻ ይመለከታል። እነዚህን «የወንፈል ፈቃድ» ብንላቸው ገበሬውም ተማሪውም ይረዳዋል፦ ወንፈል የተወጣለት በተራው ይወጣል። እዚህ ግን ብድሩ የሚመለሰው ቦርዱ ለደረሰው ሰው ሁሉ ነው።

አንዳንዱ «ለግል መጠቀሚያ እንጂ ለንግድ አይሁን» ብሎ ይጽፋል። ይህ በዓለም አቀፉ የክፍት ሃርድዌር ትርጓሜ ክፍት አይባልም፤ ለቡኢም አይበጅም። ለራሱ አንድ ማስፈልፈያ የሠራ ጠጋኝ ሁለተኛውን ለጎረቤቱ በዋጋ ይሠራል፤ ሙያው የሚያድገውም የሚኖረውም በዚያ ነው። ንድፉ እንዳይነጠቅ የፈራ የወንፈሉን ፈቃድ ይምረጥ።

ንድፍ ከመላካችሁ በፊት ስማችሁን፣ ዓመቱንና የፈቃዱን ስም ከነእትሙ በፋይሉ ላይ፣ ቦታ ካለም በቦርዱ ጀርባ ላይ ጻፉ።