ቃል የሚጸናው መቼ ነው? ስለ ውል ሕግ ትምህርት በካምፓላ
አበው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲሉ የቃልን ክብደት ከልጅ ሕይወት አስበልጠው መዘኑት። ነገር ግን በሕግ ፊት ቃል የሚጸናው መቼ ነው? የውል ሕግን የሚማር ሁሉ አስቀድሞ የሚያጋጥመው ይህ ጥያቄ ነው።

በካምፓላ የሚገኘው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ በ1922 የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ሆኖ ተከፈተ (የውጭ አገሩ ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)፤ ሕግ ማስተማር የጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፥ ዛሬ ከመጀመሪያው ዲግሪ በላይም ያስተምራል። በዚያ የሚጠናው የውል ሕግ ብዙ መንገድ ተጉዞ የመጣ ነው። እንግሊዞች በ1902 ባወጡት ድንጋጌ የአገራቸውን ሕግ ወደ ኡጋንዳ አስገቡ፤ በ1872 ለሕንድ ያወጡት የውል ሕግም ይሠራበት ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሕንዱ ሕግ ቀርቶ የእንግሊዙ ተተካ። የኡጋንዳ ምክር ቤት የተሟላ የውል ሕግ ያወጣው በ2010 ነው።

በመጀመሪያው ዲግሪ ተማሪው ሕጉ ምን እንደሚል ያውቃል፤ ከዚያ በላይ ግን ስለ ምን እንዲህ እንዳለ መመርመር ይገባዋል። አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ1874 ዶድስ የተባለ እንግሊዛዊ ቤቱን በ800 ፓውንድ ለዲኪንሰን ሊሸጥለት፥ ለመልሱም እስከ ዓርብ ጧት ሊጠብቀው ቃል ሰጠ። ሐሙስ ዕለት ግን ለሌላ ሸጠው፤ ዲኪንሰንም ወሬውን ሰማ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1876 ለዶድስ ፈረደ፤ እጠብቅሃለሁ ላለው ቃል ዲኪንሰን በምላሹ አንዳች ነገር አልሰጠምና።

የእኛ ሕግ መነሻው ሌላ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ አርቅቀውት በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በቍጥር 1690፥ ለመልስ ቀን የወሰነ ሰው ቀኑ እስኪያልፍ በቃሉ ይያዛል ይላል፤ ለዚህም ምላሽ ዋጋ አይጠይቅም። የእንግሊዙ ሥርዐት የሻጩን ነፃነት፥ የእኛው ደግሞ የገዢውን እምነት ይጠብቃል። የካምፓላውና የአዲስ አበባው ተማሪ አንዱ የሌላውን ሕግ ቢያጠና፥ የገዛ አገሩ ሕግ ለማን እንዳደላ ይገነዘባል።

እኛም መምህራን ይህን ልብ ልንል ይገባናል። በኡጋንዳ እንደ ታየው ሕግ በአንድ ሰው ዕድሜ ሊለወጥ ይችላል። አንቀጹን በቃሉ ብቻ ያጠና ተማሪ ያን ቀን ባዶ እጁን ይቀራል፤ ምክንያቱን የመረመረ ግን አዲሱን ሕግ የሚመዝንበት ሚዛን በእጁ ነው።