ወርቁ ሰም የሆነበት ሥዕል

ኦስትሪያዊው ሠዓሊ ጉስታቭ ክሊምት «ስሞሽ» የተባለውን ሥዕሉን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1907 እና በ1908 ነው። ቪየና ሄዶ በቤልቬዴሬ ቤተ መዘክር ያላየው ሰው እንኳ በፖስተርና በሻይ ስኒ ላይ ያውቀዋል። ተመልካቹ ሁሉ የሚያደንቀው ወርቁን ነው። በቅኔ ወርቁ ከሰሙ ሥር ይገኛል፤ እዚህ ግን ወርቁ ራሱ ሰም ነው እላለሁ።

ክሊምት ከወርቅ ጋር የተዋወቀው በቤቱ ነው፤ አባቱ በወርቅ ላይ ቅርጽ የሚያወጣ ባለሙያ ነበር። ኋላም በ1903 ወደ ጣሊያን ተጉዞ በራቬና የሚገኘውን የሳን ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን ሞዛይክ አየ። ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስና ንግሥት ቴዎዶራ በወርቅ መደብ ላይ ቆመውበታል። ክሊምት ለነገሥታትና ለቅዱሳን ይሰጥ የነበረውን ይህን ክብር ስማቸው ላልተነገረ ሁለት ፍቅረኞች አለበሰው። (ሴቲቱ ወዳጁ ኤሚሊ ፍሎገ ናት የሚሉ አሉ፤ ብትሆንም ባትሆንም ለሥዕሉ የሚጨምርለት የለም።) ለቪየና ዩኒቨርሲቲ የሠራቸው ሥዕሎች ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ «ነውር» ተብለው ተወግዘውበት ነበር። «ስሞሽ»ን ግን ያው መንግሥት በ1908 ገና ተሠርቶ ሳያልቅ በ25,000 ክሮነ ገዛው። ወርቁ ገላን ስለ ሸፈነ ይሆን? ይመስለኛል።

እስቲ ወርቁ ያልሸፈነውን እንይ። የወንዱ ካባ በጥቁርና በነጭ አራት ማዕዘኖች፣ የሴቲቱ ቀሚስ በክብ በክብ አበቦች አጊጧል፤ ከሩቅ ሲታዩ ግን አንድ አካል ናቸው። ቀረብ ሲሉ አንድነቱ ይላላል። እርሱ ፊቱን ደፍቶ ስለሚስማት የሚታየን ማጅራቱና ጸጉሩ ነው። የእርሷ ፊት ወደ እኛ ዞሯል፤ ዓይኖቿ ተከድነዋል፤ የሚስማትም ከንፈሯን ሳይሆን ጉንጯን ነው። አንድ እጇ አንገቱን አቅፏል፤ ጣቶቿ ግን ታጥፈዋል። ይህ በፍቅር መሸነፍ ነው ወይስ መታገሥ? ሐያስያን ሁለቱንም ብለዋል። እኔ ሁለቱም አብረው አሉ ባይ ነኝ፤ ምስክሬም እግሯ ነው። የተንበረከከችበት የአበባ መስክ እግሯ ሥር ሲደርስ ያልቃል፤ የእግሯ ጣቶች ጠርዙን ቆንጥጠው ይዘዋል። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። የእርሱ እግር ግን የትም አይታይም፤ በምን ላይ እንደ ቆመ ሠዓሊው አላሳየንም።