ከማረሻ ወደ ዶማ፤ በዚምባብዌ ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችው እርሻ

በደቡብ ምሥራቅ ዚምባብዌ፣ ከሞዛምቢክ ድንበር አጠገብ፣ ማውንት ሲሊንዳ የሚባል የሚስዮን ሠፈር አለ። ከጎኑ የቺሪንዳ ደን ይጀምራል። ዛፎቹ ሰማይ ጠቀስ ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው አፈር ደግሞ በረገፈ ቅጠል እንደተሸፈነ ነው፤ ማረሻ ነክቶት አያውቅም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ኤምሪ አልቮርድ የተባለ አሜሪካዊ ሚስዮናዊ እርሻ ሊያስተምር የመጣው ወደዚህ ቦታ ነበር። ክርስትናና የተሻለ እርሻ አብረው ካልሄዱ ሁለቱም ሥር አይሰዱም ብሎ ያምን ነበርና ሥራውን «የማረሻው ወንጌል» ብሎ ጠራው።

አልቮርድ ቶሎ የገባው ነገር ቢኖር ነጭ ሰው በሚስዮን እርሻ ላይ የሚያሳየው ምርት ለጎረቤት ገበሬ የነጭ ምርት ሆኖ እንደሚቀር ነው። ገበሬው የሚያምነው አቅሙ የሚፈቅደውን ሥራ እንደ እሱው ጥቁር የሆነ ሰው ሲሠራው ሲያይ ነው። የደቡብ ሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ቅኝ ገዥ መንግሥት በ1926 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አልቮርድን ሲቀጥረው ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ገባ። ብዙም ሳይቆይ በዶምቦሻዋና በቾሎቾ የሠለጠኑ አፍሪካውያን ወደየመንደሩ ተሰማሩ። ከገበሬው ጋር በገበሬው መሬት ላይ ሠርቶ ማሳያ እያዘጋጁ ፍግ መጨመርን፣ ሰብል ማፈራረቅን፣ በመስመር መዝራትን አስተማሩ። በየቀበሌያችን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሲያልፍ ያየ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

ይህ ትምህርት መልካም ነበር። ያረፈበት መሬት ግን ተቀምቶ ነበር። የ1930ው የመሬት ክፍፍል ሕግ የአገሪቱን ግማሽ ያህል መሬት ጥቂት ለነበሩት ነጮች ሰጠ። አብዛኛው ሕዝብ ብዙውን ጊዜ አሸዋማና ዝናብ አጠር በሆኑ ክልሎች ውስጥ ታጨቀ። እዚያ ማሳ ማሳረፍ ቀረ። ያው ጠባብ መሬት በየዓመቱ እየታረሰ አፈሩ ተሟጠጠ፣ በጎርፍም ታጠበ። ከዚያ ምክሩ ትእዛዝ ሆነ፤ ገበሬው በግዴታ እርከን ቆፈረ፣ በ1951ዱ ሕግ ደግሞ ከብቱን እንዲቀንስ ተገደደ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ከባዱ ሐዘን እዚህ ላይ ነው፤ በፍቅር የተጀመረ ትምህርት ከመንግሥት በትር ጋር ተጣመረና ገበሬው ሁለቱን መለየት አቃተው።

ከነጻነት በኋላ በ1980ዎቹ ሌላ አማኝ ተነሣ። ብራያን ኦልድሪቭ ነጭ የትምባሆ ገበሬ ነበር፤ ክርስቲያን ሲሆን ትምባሆ ማምረት ለኅሊናው ከበደውና ተወው፤ በዚህም እርሻውን አጣ። ቢንዱራ አካባቢ ሂንተን የተባለውን ሰፊ እርሻ ሲያስተዳድር አፈሩ እየሞተ ምርቱ እየወረደ አስቸገረው። ሲጸልይ ወደ ጫካው እንዲመለከት እንደተመራ ይናገራል። ጫካ ውስጥ የሚያርስ የለም፤ መሬቱም ራቁቱን አይታይም። በሁለት ሄክታር ላይ ሳያርስ መዝራት ጀመረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዘዴው ከ1000 ሄክታር በላይ ደረሰ። አልቮርድ ከደጃፉ የነበረውን ደን እያለፈ ማረሻ ሲያስተምር ኖሮ፣ ትምህርቱ ከስድሳ ዓመት በኋላ ከጫካ መምጣቱ ይደንቀኛል።

ኦልድሪቭ ይህን ለድሆች ማስተማር ጥሪው አደረገው። ሥልጠናው በአብያተ ክርስቲያናት በኩል ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተሻገረ። የሚያስፈልገው ዶማና ቋጠሮ ያለው ገመድ ነው። በቋጠሮዎቹ ልክ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፍግ ወይም በለስላሳ መጠጥ ቆርኪ የተሰፈረ ማዳበሪያ ይገባል፣ ዘሩ ከተዘራ በኋላ መሬቱ በአገዳና በሣር ይጎዘጎዛል። አሠልጣኞቹ አራት ነገር ይደጋግማሉ፦ በሰዓቱ፣ በጥራት፣ ያለብክነት፣ በደስታ። «በደስታ» የሚለው በመንግሥት የእርሻ መመሪያ ውስጥ ይገኛል ብዬ አልገምትም፤ ድሃ ገበሬ ግን ከዘር ቀድሞ ተስፋ እንደሚያስፈልገው የሚያውቅ ሰው ያስገባው ቃል ነው።

በ2020 የዚምባብዌ መንግሥት ዘዴውን «ፕፉምቩድዛ» ብሎ በአገር ደረጃ ተቀበለው፤ በሾና ቋንቋ አዲስ ቅጠል የሚያቆጠቁጥበት ወራት ማለት ነው። ማሳው 16 በ39 ሜትር ነው። በላዩ 52 መስመር፣ በየመስመሩ 28 ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በድምሩ 1456። ከአንድ መስመር የሚገኘው በቆሎ ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ሳምንት ቀለብ እንዲሆን ታስቧል፤ 52ቱ መስመር ዓመቱን ይሞላል። ይህን ያህል ግልጽ የቀለብ ሒሳብ በእርሻ ትምህርት ውስጥ አላየሁም።

ዘዴው «ዲጋ ኡድዬ» ይባላል፤ ቆፍረህ ብላ። ቆፋሪዎቹ ግን «ዲጋ ኡፌ» አሉት፤ ቆፍረህ ሙት። ይህን ስም እንደ ስንፍና የሚቆጥር አሠልጣኝ በደረቅ መሬት ላይ 1456 ጉድጓድ አልቆፈረም። ሳይታረስ የሚበቅለውን አረም የሚነቅለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች እጅ ነው።

ጉዝጓዙም የራሱ ጣጣ አለው። እንደ እኛ ደጋ ሁሉ እዚያም አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው የመንደሩ ግጦሽ ነው፤ አገዳው የበጋ መኖ ነው። አገዳውን ለአፈሩ ማቆየት የፈለገ ቤተሰብ ወይ አጥር ያጥራል፣ ወይ ልጁን ጠባቂ ያቆማል፣ ወይም ከብቶቹ ከመፈታታቸው በፊት ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ይለምናል።