ዕቃው የማን ነው? ከሃሞንድ ኦርጋን እስከ ዋን ማን ባንድ

ሃሞንድ ኦርጋን ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ? ቢ-3 የሚባለው ሞዴል ከነመቀመጫውና ከነፔዳሉ ወደ 190 ኪሎ ይመዝናል። ሌዝሊ የሚባለው የስፒከር ሣጥን ሲጨመር ደግሞ ሌላ ሸክም ነው። ለመድረክ የሚሆን ዕቃ ስለመምረጥ ሲነሣ ወጣቶቹ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ድምፁ እንዴት ነው?» ብለው ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን የራሳችንን የሙዚቃ ታሪክ ባየሁ ቁጥር ሌላ ጥያቄ ይቀድምብኛል፦ ዕቃው የማን ነው? ማንስ ይሸከመዋል?

ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፤ ቡናችሁን ያዙ።

ዘመናዊ የሙዚቃ መሣሪያ እኛ ጋ ሲገባ የመንግሥት ንብረት ሆኖ ነው የገባው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆኑ። በኋላም ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ እያሉ ኦርኬስትራዎቹ ተከተሉ። ትራምፔቱ እንደ ጠብመንጃው የመንግሥት ነበር። ተጫዋቹም ደመወዝተኛ ነው፤ ከቤቱ ከወጣ ባዶ እጁን ነው የሚወጣው።

የምሽት ክበቦቹ ሲስፋፉ ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም። ኦርጋኑን፣ ድራሙን፣ አምፕሊፋየሩን የሚገዛው የክበቡ ጌታ ነው። ዕቃው የሱ ስለሆነ ባንዱም የሱ ነው። ዋሊያስ ባንድን እኔ ከሌሎች ለይቼ የማየው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ስለ «ሙዚቃዊ ስልት» ያወራል፤ እውነቱን ነው። ግን ዋሊያሶች ገንዘብ አጠራቅመው የራሳቸውን መሣሪያ የያዙ ሰዎች ነበሩ። የራሱ ዕቃ ያለው ባንድ ውል ይዋዋላል፣ ካልተስማማው ጠቅልሎ ይሄዳል። አዲስ አበባ ሂልተን የገቡትም በራሳቸው ስም እንደቆመ ባንድ ነው። በደርግ የሰዓት እላፊ ዘመን ማታ የገባ እንግዳ እስኪነጋ ስለማይወጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ሰው ደግሞ የማያስቸግረውን ዕቃ ነው የሚፈልገው።

እግረ መንገዴን ስለ መብራት አንድ ነገር ላንሣ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሃሞንድ ውስጥ ሞተር አለ። ሞተሩ ጥርስ ያላቸውን የብረት መንኮራኩሮች ያዞራል፣ ድምፁ የሚመጣው ከነሱ ነው። የሞተሩ ፍጥነት የሚወሰነው በመብራቱ ኸርዝ ነው። የአሜሪካ መብራት 60 ነው፣ የኛ 50። ስለዚህ ለአሜሪካ የተሠራ ሃሞንድ እዚህ መጥቶ ቮልቱ በትራንስፎርመር ቢስተካከልለት እንኳ፣ ድምፁ በሦስት ሴሚቶን ገደማ ይወርዳል። ሲን ስትነኩት ከኤ ትንሽ ዝቅ ያለ ነገር ይወጣላችኋል! ፋብሪካው ለ50 ኸርዝ አገር የሚሆንም ይሠራ ነበር፤ ግን እሱን አጣርቶ መግዛት ያስፈልጋል። እንደ ፋርፊሳ ኮምፓክት ያሉት የጣሊያን ትራንዚስተር ኦርጋኖች ግን ሞተር የላቸውም፤ ሣጥናቸው ይዘጋና ታክሲ ላይ ይጫናሉ። ድምፁ ሃሞንድን አያክልም። እና ምን ይጠበስ? መድረኩ ላይ የሚደርሰው የሚጓዘው ዕቃ ነው።

ዋሊያሶች እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዱ። ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ኃይሉ መርጊያና ሌሎቹ እዚያው ቀሩ። ዙላ ባንድን አቋቁመው ዋሽንግተን አካባቢ ሠሩ፤ ግን ለስደተኛ ማኅበረሰብ በሚያበስል ጠባብ ምግብ ቤት ውስጥ ትልቅ ባንድ ማኖር ቀላል አይደለም። ቦታም የለም፣ የሁሉንም ደመወዝ የሚችል ገቢም የለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ኃይሉ ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ «ሸሞንሟናዬ» የምንለውን። እኔ ያንን ካሴት ስሰማ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ማሽኑን አለመደበቁ ነው። ድራሙ ማሽን እንደሆነ ያስታውቃል፣ አኮርዲዮኑ ደግሞ ሰው ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ካሴቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ባሕር ዳር ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም፣ ኃይሉ ታክሲ ሹፌር ነበር። ዳለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኮፈን በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በባትሪ የሚሠራ! ከ190 ኪሎ ተነሥተን እዚህ ደረስን።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። የድራም ማሽን ድሮ የተሠራው ለመድረክ አልነበረም። ዉርሊትዘር እ.ኤ.አ. በ1959 ሳይድ ማን ብሎ ያወጣው ማሽን ሳሎኑ ውስጥ ብቻውን ኦርጋን ለሚጫወት ሰው አጃቢ እንዲሆን የታሰበ ነው። የሱ የልጅ ልጅ ነው እኛ «ስታይል ያለው ኪቦርድ» የምንለው፦ ግራ እጅ ኮርድ ይይዛል፣ ማሽኑ ድራምና ቤዝ ይጨምራል፣ ቀኝ እጅ ዜማውን ይጫወታል። ፈረንጅ ለሳሎን የሠራው ዕቃ የኛን ሠርግና ምሽት ቤት ወረሰ። አንድ ሰው፣ አንድ ዘፋኝ፣ አንድ ሚክሰር፤ ዋን ማን ባንድ በቃ።

ይሄን እንደ ታዛቢ ብቻ አይደለም የምናገረው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በኛ አቆጣጠር፣ በአንድ ምሽት ቤት ስድስት ሆነን እንሠራ ነበር፦ ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ሳክስ፣ ኪቦርድ፣ ዘፋኝ። ባለቤቱ ከዱባይ አዲስ ኪቦርድ አስመጣ። መጀመሪያ ድራመሩና ቤዚስቱ ተሸኙ። ከሁለት ወር በኋላ ጊታሪስቱ። ሳክሱ ትንሽ ቆየ፣ ምክንያቱም የማሽኑ ሳክስ ጆሮ የሚበላ ነገር ነበር። እኔ ቀረሁ ብዬ ሳልጨርስ በግማሽ ክፍያ የሚሠራ ልጅ መጣ። ልጁን አልወቀስኩትም፤ እሱም እንጀራ ነው። ኪቦርዱ ቆሞበት ከነበረው ስታንድ ላይ እንኳ አልተነቃነቀም፤ የተነሣሁት እኔ ነኝ። ድራመራችን ከዚያ በኋላ ስቲክ ይዞ አላየሁትም፤ ሚኒባስ ላይ ነው ያገኘሁት።

ይዤ የወጣሁት አንድ ዲስኬት ነበር። ለምን እንደጠቀመኝ ላስረዳ። እነዚህ ኪቦርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ዋልትዝ አላቸው፣ ቦሳኖቫ አላቸው፣ ሮክ አላቸው። ችክችካ የላቸውም። የስድስት ስምንተኛውን ምት፣ ከበሮው የት ከበድ የት ቀለል እንደሚል፣ የወሎን ከጎጃሙ የሚለየውን ነገር፣ እያንዳንዱ ኪቦርዲስት ቁጭ ብሎ በጣቱ ነው የሠራው። ጥሩ ስታይል ያለው ሰው ዲስኬቱን እንደ ወርቅ ነበር የሚደብቀው። ከድራመሮቻችን የቀዳነው ነው፤ እኔ የሠራሁት ችክችካ ያ ሚኒባስ ላይ ያገኘሁት ልጅ የሚመታው ነው። ሲጠፋ እንዳይጠፋ ያደረግሁት እሱ እያለ ቀድቼ ስላስቀመጥኩት ብቻ ነው።

ቅኝቱም ሌላ ራስ ምታት ነው። ፒያኖ ዐሥራ ሁለቱን ድምፅ እኩል ይከፋፍላል። ትዝታና ባቲ እንደምንም ይቀመጡለታል፤ አንቺሆዬ ግን መሲንቆ እንደሚለው አይልም፣ የሆነ ቦታ ይጎረብጣል። ለዐረብ ገበያ ተብለው የተሠሩት ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ ስላላቸው ብዙዎቻችን ወደነሱ ሄድን። ለኛ ታስቦ አይደለም፤ ግን ጠቀመን።

ስለዚህ ዛሬ ላፕቶፕ ይሁን ኪቦርድ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ ላፕቶፕ ስቱዲዮ ውስጥ ንጉሥ ነው፣ አልከራከርም። ሠርግ ላይ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሣ ግን በሰከንዶች ተነሥቶ የጠፋበት ቦታ የሚጠብቀኝን ነው የምፈልገው። በአንድ እጅ የማነሣውን። አስማሚው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበለውን፤ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው የ120 ብቻ ሆኖ የተቃጠለበት ሰው ስንቱ ነው። በጨለማ እጄ ቁልፉን የሚያገኘውን። ስታይሌን በፍላሽ አውጥቼ ሌላ ኪቦርድ ላይ የምጭንበትን። ከሁሉ በፊት ግን፣ ያረጀ ሁለተኛ እጅም ቢሆን፣ የራሴ የሆነውን። የተከራየውን ኪቦርድ ባለቤቱ በፈለገበት ሰዓት ይወስደዋል፤ ውስጡ ያስቀመጥኩትን ችክችካም አብሮ።

በየሆቴሉና በየክበቡ የነበሩት የድሮ ኦርጋኖች የት እንደደረሱ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። መጋዘን ውስጥ አቧራ የለበሰም ቢሆን፣ ፎቶ ካለ ከጀርባው ያለችውን የቮልትና የኸርዝ ጽሑፍ ጨምራችሁ አንሱልኝ።