ስለ ባለመብራት የክርታስ አምሳለ መንኮራኩር

«ላይት ያለው የካርድ ስፔስሺፕ ሞዴል» የሚል አጠራር በወጣቶች አፍ እየተለመደ መምጣቱን ባስተዋልሁ ጊዜ፣ በሐረጉ ውስጥ «ያለው» ከሚለው ቃልና ከአንዲት «የ» በቀር የአማርኛ ርስት የሆነ ነገር አለመገኘቱ ብርቱ ኀዘን አሳደረብኝ። ነገሩስ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በሳይንሳዊ ልብ ወለድ የተፀነሰን የሕዋ መጓጓዣ ከወፍራም ወረቀት እየቆረጡ፣ እያጠፉና እያጣበቁ አሳንሶ መሥራት፣ በሆዱም ጥቃቅን የኤልኢዲ አምፖሎች አኑሮ መስኮቶቹን ማብራት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ «ካርድ» የተባለውን እንመርምር። ካርድ በአገራችን ሰው ዘንድ ሕሙም በሐኪም ቤት የሚያወጣው፣ ወይም ለስልክ የሚሞላው፣ ወይም በቁማር የሚጣለው ነው። ቃሉ ከግሪኩ «ካርቴስ» ተነሥቶ በላቲን በኩል ወደ ምዕራብ ቋንቋዎች ሲወርድ፣ ያው የግሪክ ቃል በሌላ መንገድ ወደ ግዕዝ ገብቶ «ክርታስ» ተብሎ፣ ሊቃውንቱ ከብራና ለይተው ወረቀትን ሲጠሩበት ኖረዋልና፣ ዘሩ በጎተራችን ሳለ ፍሬውን ከባዕድ ገበያ መሸመታችን ከቸልተኝነት በቀር ምክንያት የለውም።

«ስፔስሺፕ»ን «የቦታ መርከብ» ብለው የተረጎሙ አሉ፤ ይህ ከባዕዱ ቃል የባሰ ነው፤ ቦታ ሰው የሚቆምበት ሥፍራ እንጂ ከዋክብት የሚመላለሱበት ሕዋ አይደለምና። «ሐመረ ሰማይ» የሚለው ለጆሮ ያማረ ቢሆንም፣ ሐመር ሲባል የምእመኑ ኅሊና ቀድሞ ወደ ኖኅ ይሄዳል። ሕዝቡ ግን «አንኰርኰረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ጋር የሚዛመደውንና ከሕዝቅኤል ራእይ የምናውቀውን «መንኮራኩር» ለጠፈር ጉዞ ከሰጠው ቆይቷል፤ ሕዝብ የተቀበለውን ቃል መሻር የሊቅ ሥራ አይደለም።

አስቸጋሪው «ሞዴል» ነው። «አሻንጉሊት» ሥራውን ያቃልላል፤ «አርአያ» ዛሬ ለመልካም ጠባይ ተሰጥቷል፤ «ቅጂ» ደግሞ ቀድሞ የነበረ ዋና ይሻል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በታየው «ስታር ትሬክ» በተባለው ተከታታይ ድራማ የተቀረፀው፣ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም የሚገኘው «ኢንተርፕራይዝ»፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ያህል የሆነ፣ በይበልጥ ከእንጨትና ከፕላስቲክ የታነፀ ነው፤ እርሱ የሚቀዳው እውነተኛ መንኮራኩር በሰማይም በምድርም አልነበረምና የምን ቅጂ ይባላል? በልብ ብቻ ላለ ነገር እንኳ የሚስማማው፣ «መሰለ» ከሚለው የወጣው «አምሳል» ነው።

ያው «ኢንተርፕራይዝ» በመጀመሪያ ሲሠራ የውስጥ መብራት አልነበረውም፤ የተገጠመለት ኋላ ነው፤ ስለዚህ መብራት ያለውንና የሌለውን በስም መለየት ተገቢ ነው። «የበራ» ብንል ማብሪያው ሲጠፋ ስሙም ሊጠፋ ነው። «የሚያበራ» ብንል ደግሞ ጥፋቱን እንደ ሙያ መቍጠር ይሆናል፤ ነጭ ክርታስ ብርሃንን ያሳልፋልና፣ ጠንቃቃ ሠሪ ውስጡን አስቀድሞ ጥቁር ቀለም ካልቀባው ወይም በአሉሚኒየም ወረቀት ካልሸፈነው፣ በመርፌ ከተበሱት መስኮቶች ይልቅ ገላው ሁሉ እንደ ፋኖስ ይበራል። «ማኅቶት» የሚለውን የቤተ ክርስቲያን ቃል ለመቅደሱ ትተን፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን «ባለመብራት» እንያዝ።

እንግዲህ ይህን ጥበብ ለልጆች የምታስተምሩ ሁሉ «ባለመብራት የክርታስ አምሳለ መንኮራኩር» በሉት፤ በዕለት ንግግር ቢረዝምባችሁ «የክርታስ መንኮራኩር» ይበቃል።