ሸብ፣ ጋራድና የፓተንት መርማሪው

ከአሶሳ ከተማ ወደ ኩርሙክ በሚያመራው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየው ቀይ አፈር የክረምት ዝናብ ሲያጥበው የኖረና አሲዳማነት ያጠቃው አፈር ነው። እንዲህ ባለው አፈር ውስጥ አልሙኒየም ከማዕድኑ እየተላቀቀ ይሟሟል፤ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ገበሬው የጨመረውን ፎስፈረስም አጥብቆ ይዞ ተክሉን ይነፍገዋል። የአካባቢው የግብርና ተመራማሪዎች ኖራ በመጨመር ይህን ችግር ለማቃለል ሲጥሩ ቆይተዋል። ለገበሬው ጠላት የሆነው ይኸው አጥብቆ የመያዝ ጠባይ ግን ለቀለም ነካሪው፣ ለውሃ አጣሪው፣ በተለይም ለቆዳ አልፊው ከጥንት ጀምሮ ባለውለታ ሆኖ ኖሯል። የፓተንት መርማሪዎችንም ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረው ይኸው ጠባዩ ነው።

ነገሩ በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው። የእንስሳ ቆዳ ኮላጅን ከሚባለው የፕሮቲን ክር የተሠራ ሲሆን፣ ክሮቹ እርስ በርሳቸው ጸንተው ካልተያያዙ ቆዳው ሲረጥብ ይበሰብሳል፣ ሲደርቅ ይገተራል፣ በሙቅ ውሃ ውስጥም ይኮማተራል። የማልፋት ሥራ ማለት በእነዚህ ክሮች መካከል ድልድይ መዘርጋት ማለት ነው። ድልድዩን የሚዘረጋው ንጥረ ነገር፣ ማለትም አስተሳሳሪው ውህድ፣ ከዛፍ ቅርፊትና ፍሬ የሚገኝ ታኒን፣ ወይም እንደ ክሮምና አልሙኒየም ያለ የብረታ ብረት ጨው ሊሆን ይችላል። ያልለፋ ቆዳ በውሃ ውስጥ ሲሞቅ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አለፍ ሲል ይኮማተራል፤ በአልሙኒየም ብቻ የለፋው እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል፤ በክሮም የለፋው ግን የሚፈላ ውሃን ይችላል።

አልሙኒየም በሰው እጅ የገባው ብረቱ ከመታወቁ ከብዙ ሺህ ዘመን በፊት ነው። ብረቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው የዴንማርኩ ሊቅ ኧርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1825 ሲሆን፣ የአልሙኒየም ጨው የሆነው ሸብ ግን በጥንታዊቱ ግብፅ ሳይቀር ይሠራበት ነበር። የአማርኛው ስም ራሱ ከዐረብኛው ‹ሸብ› ጋር አንድ ነው፤ ቃሉና ዕቃው በነጋዴ ጭነት አብረው እንደ ተጓዙ ለመገመት አያስቸግርም። ጸጉር አስተካካዩ ምላጭ የነካውን ፊት የሚያሽበት ነጭ ድንጋይ፣ የአውሮፓ የእጅ ጓንት ሠሪ ሌጦን አለስልሶ የሚያነጣበት ጨው፣ ቀለም ነካሪው ቀለሙን ከጨርቁ ጋር የሚያጣብቅበት መድኃኒት፣ ሁሉም ያው ሸብ ነው። ሆኖም አንድ ነውር አለበት። ከኮላጅን ጋር የሚፈጥረው ትስስር ልል ስለሆነ ቆዳው ውሃ ሲነካው ጨው ታጥቦ ይወጣል፤ ድልድዩም ይፈርሳል።

ይህ ነውር የፓተንት ታሪክን አቅጣጫ ለውጧል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ክናፕ እ.ኤ.አ. በ1858 ባሳተመው ጥናት የአልሙኒየም፣ የብረትና የክሮም ጨዎች በቆዳ ላይ የሚሠሩትን መርምሮ ነበር። በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው ኬሚስት አውጉስተስ ሹልትዝ ደግሞ፣ እንደሚተረከው፣ ከሴቶች ወገብ ማጥበቂያ ኮርሴት የተነሣ ወደ ክሮም ገባ። የኮርሴቱ የብረት ዘንጎች በሸብ በለፋ ቆዳ ይሸፈኑ ነበርና ጨው ያለበት ቆዳ ብረቱን እያዛገ ያስቸግር ነበር። ሹልትዝ ለዚህ መፍትሔ ሲፈልግ ቆዳውን በሁለት ተከታታይ መንከሪያ በክሮም የማልፋትን ዘዴ አገኘ፤ ፓተንቱም እ.ኤ.አ. በ1884 ተሰጠው። ከ9 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1893፣ ማርቲን ዴኒስ በአንድ መንከሪያ ብቻ የሚሠራበትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። የቆዳ ኬሚስቶች ግን የዴኒስ ዘዴ መሠረቱ በክናፕ ጽሑፍ ውስጥ ቀድሞ መገኘቱን ሳይጠቅሱ አላለፉም። 35 ዓመት ሙሉ በመደርደሪያ ላይ የኖረ የጀርመንኛ ጽሑፍ የአሜሪካን ፓተንት አጠያያቂ ማድረጉ፣ የመርማሪው ሥራ ምን ያህል የንባብ ሥራ እንደሆነ ያሳያል።

ክሮም ከዚያ ወዲህ የዓለምን ቆዳ ፋብሪካዎች ወረሰ። የኢትዮጵያም ፋብሪካዎች ከዚህ አልወጡም፤ ከሞጆና ከአዲስ አበባ ፋብሪካዎች ወደ ወንዝ የሚለቀቀው ክሮም ያዘለ ፍሳሽ ያስከተለው ክርክር ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች አዲስ አይደለም። ስለሆነም ኬሚስቶች ወደ ተናቀው አልሙኒየም እንደገና ፊታቸውን መለሱ። ያገኙትም ነገር አስደናቂ ነው። በእፀዋት ታኒን ብቻ የለፋ ቆዳ 80 ዲግሪን ጥቂት አልፎ ይኮማተራል፤ በአልሙኒየም ብቻ የለፋውም ከዚያ አይበልጥም። ቆዳው በመጀመሪያ በታኒን፣ ቀጥሎም በአልሙኒየም ሲለፋ ግን ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ያልፋል፤ አንዳንዴም ወደ 120 ይጠጋል። ሁለቱ ደካሞች ተጋግዘው ከብርቱው ጋር ይስተካከላሉ። ምክንያቱም አልሙኒየሙ የሚይዘው ኮላጅኑን ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ በክሮቹ መካከል የገባውን ታኒን ጭምር በመሆኑ፣ በቆዳው ውስጥ ሁለተኛ መረብ ይዘረጋል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ውጤቱ ያንሳል።

የፓተንት ምርመራ ጭብጥ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። መርማሪው ‹አልሙኒየም ቆዳን ያያይዛልን?› ብሎ አይጠይቅም፤ ይህማ ከጥንት የታወቀ ነው። የሚጠይቀው አመልካቹ አልሙኒየሙን ከየትኛው አሲድ ጋር እንዳጣመረ፣ የአሲድነቱን መጠን እንዴት እንዳረገበ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደጨመረና ከዚህ የተነሣ ሌላ ባለሙያ ያልጠበቀው ውጤት መገኘት አለመገኘቱን ነው። 80 እና 80 ተደምረው 120 የሰጡበት ግኝት በመጀመሪያ ቀን ‹የፈጠራ ብቃት› አለው ሊባል ይችል ነበር፤ ነገሩ በሙያ መጽሔት ከታተመ በኋላ ግን ያንኑ ይዞ የሚመጣ ሁሉ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ኢትዮጵያ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሕግ መጠየቅ የጀመረችው ዘግይታ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና የ1952ቱ የንግድ ሕግ ፓተንትን በስም ያውቁታል፤ ይሁን እንጂ ፓተንት የሚሰጥበት ሥርዓት አልነበረምና ባለመብት ነኝ የሚል ሁሉ በጋዜጣ ማስጠንቀቂያ ከማሳተም ያለፈ መጠጊያ አልነበረውም። ይህን ክፍተት የሞላው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። አዋጁ ፈጠራው አዲስ፣ የፈጠራ ብቃት ያለውና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት የሚችል እንዲሆን አዘዘ፤ የፓተንቱንም ዘመን 15 ዓመት አድርጎ፣ በአገር ውስጥ የሚሠራበት ከሆነ 5 ዓመት ሊጨመርለት እንደሚችል ደነገገ። በውጭ አገር ፓተንት የወጣለትን ዘዴ ወደ አገር አምጥቶ ለሚሠራበት ሰውም እስከ 10 ዓመት የሚደርስ የአስገቢ ፓተንት ፈቀደ። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ለቆዳ ኬሚካል ላኪዎች ሳይሆን ለቆዳ ፋብሪካዎች የሚያደላ ብልህ ድንጋጌ ነበር፤ የሚገባውን ያህል ልብ ያለው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሥራውን በመጀመሪያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን፣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአዋጅ የተቋቋመው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ያዘው።

አዋጁ ‹ቀደምት ዕውቀት› የሚለው በጽሑፍ የታተመውን ብቻ አይደለም፤ በቃል የተነገረውንና በሥራ ላይ የዋለውንም ይጨምራል። ይህ ለአሶሳ ታላቅ ጉዳይ ነው። ከድንበሩ ማዶ በሮዘሪስና በሴናር በአባይ ዳር የሚበቅለው ግራር ፍሬው በሱዳን ‹ጋራድ› ይባላል፤ የሱዳን ቆዳ አልፊ ከትውልድ እስከ ትውልድ የሚሠራበት ታኒንም ይኸው ነው። የአሶሳና የኩርሙክ ገበያዎች ከዚያ አገር ጋር ያላቸው ግንኙነት ወሰኑ ከመካለሉ በፊት የነበረ ነው፤ የበርታ ሕዝብም ዐረብኛ ተናጋሪ ነጋዴዎችን ሲያስተናግድ የኖረ ነው። ሸብና ጋራድ በአንድ የገበያ መደብ ላይ ጎን ለጎን ሊቀመጡ የሚችሉበት አገር ይህ ነው። በዚህ ምእተ ዓመት የሱዳን የቆዳ ኬሚስቶች ጋራድንና አልሙኒየምን አጣምረው የማልፋት ሙከራቸውን በሙያ መጽሔቶች አሳትመዋል። በዚህም ሳቢያ ዛሬ ያንኑ ጥምረት እንደ አዲስ ይዞ የሚቀርብ አመልካች፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሙኒክ፣ የታተመ መከልከያ ይጠብቀዋል። በቤኒሻንጉል ቆላ ስለሚያድጉ ሌሎች ቅርፊቶችና ፍሬዎች፣ እነርሱን ስለሚያውቁ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ አዛውንቶች ግን እንዲህ ብሎ መናገር አይቻልም። በቃል የተነገረ ነገር በሕጉ ፊት ማስረጃ ነው፤ ሙኒክ የተቀመጠ መርማሪ ግን አሶሳ ላይ የተነገረውን አይሰማም።

የጤፍ ታሪክ ይህን በግልጽ አሳይቷል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ ስለ ጤፍ ዱቄት ያቀረበው ማመልከቻ በአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት ምርመራ አልፎ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸደቀ። መሥሪያ ቤቱ የመረመረው በእጁ ያለውን ጽሑፍ ነበር። የሔግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ የሆላንዱን ፓተንት የሻረው ከ11 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ነው፤ ውሳኔውም ከሆላንድ ወሰን አላለፈም። በመካከሉ በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ወጥቶ የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅና ከጥቅሙም እንዲያካፍል ግዴታ አኑሯል።

በአሶሳ ዙሪያ የሚታረደው የፍየልና የበግ ሌጦ በጨው ታሽቶ ወደ መሐል አገር ይጓዛል፤ እዚያም በክሮም ይለፋል። ከአሲዳማው አፈር ላይ የበቀሉት ዛፎች ቅርፊት ምን ያህል ታኒን እንዳለው፣ ከአልሙኒየም ጋር ሲጣመርም የመኮማተሪያ ሙቀቱን ስንት እንደሚያደርሰው ሊለካ ይችላል። ልኬቱ ቀን ተጽፎበት በአንድ መጽሔት ሲወጣ፣ ከዚያ ቀን በኋላ በየትም አገር የሚቀርብ ማመልከቻ ያንን ገጽ ማለፍ ይኖርበታል።